የማሰልጠኛ አውሮፕላን መሣሪያ ይይዝ እንደሆነ ከፎቶ እንዴት ይለያል?

ኮምቦልቻ ውስጥ አየር ኃይል እንደነበርክ ከታወቀ ቡናህን በሰላም አትጠጣም። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ከች ይላሉ። «ጋሼ፣ ይቺ ትንሿ ትተኩሳለች?» እኔ ያረጀሁት አርማመንት ክፍል ነው፤ አውሮፕላን ላይ መሣሪያ የሚሰቀልበት ክፍል። ክንፍ ስር ሳላይ አልመልስም። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ።

መጀመሪያ መቀመጫውን እዩ። ተማሪና አስተማሪ ጎን ለጎን ከሆኑ ብዙ ጊዜ ለጀማሪ ነው። አስተማሪው የልጁን እጅም ፊቱንም ያያል። ፊትና ኋላ ከተቀመጡ ወደ ተዋጊ ጄት እየተጠጋ ነው። ስለ መሣሪያ ግን መቀመጫ ምንም አይነግራችሁም። ኤስኤፍ-260 የተባለው የጣሊያን ማሰልጠኛ ጎን ለጎን ነው፤ «ዋሪየር» የተባለው ዓይነቱ ግን ክንፉ ስር እስከ 300 ኪሎ ይሸከማል።

ቀጥሎ ሞተሩ። አንድ አየር ኃይል ማሰልጠኛ ሲመርጥ ስለ ቦምብ ከማሰቡ በፊት ስለ አየሩ ያስባል። የኛ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ቢሾፍቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚህ ከፍታ ላይ ተራ ፒስተን ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። ሰው ሞልቶ ሐረጎን የሚወጣ ሚኒባስ ሲያቃስት ሰምታችኋል፤ ያው ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ መንደርደሪያው አይበቃም። ለዚህ ነው ተርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን እንደ ጄት ያለ ተርባይን የሚያዞርለት ሞተር፣ የሚመረጠው። የፒላተስ ፒሲ-7 ሞተር 650 የፈረስ ጉልበት ማውጣት እየቻለ 550 ላይ ተገድቧል፤ ትርፉ ለከፍታ ነው። ነዳጁም ጄት የሚጠጣው ኬሮሲን ስለሆነ ለብቻው ሌላ በርሜል አታስመጣም። የኛ አየር ኃይል የገዛው ግሮብ 120ቲፒም ተርቦፕሮፕ ነው።

ሌላው የምርጫ ጉዳይ ባጭሩ፦ በሰዓት የሚበላው ገንዘብ፣ መለዋወጫው፣ ጀማሪ መሬት ላይ ሲጥለው የሚችል እግር፣ ስቶል ሊገባ ሲል፣ ማለትም ክንፉ አየር ላይ መያዝ ሊያቅተው ሲል፣ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ጠባይ። የመጨረሻውን አትናቁት። ተማሪ ገዳይ አውሮፕላን ማንም አይፈልግም።

አሁን ወደኔ ሙያ። ክንፉ ስር መስቀያ አለ? ካለ ምን ተንጠልጥሏል? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ረዘም ያለና ድፍን ነገር የነዳጅ ታንክ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት በርሜል የመሰለ ነገር የሮኬት ማስወንጨፊያ ነው። ትንሽ ሰማያዊ ቦምብ ካያችሁ አትደንግጡ፤ የመለማመጃ ነው፣ ሲወድቅ ጭስ ብቻ ያወጣል። መስቀያ መኖሩ ብቻውንም አይበቃም። ወደ መስቀያው የሚሄድ ሽቦ፣ ኮክፒት ውስጥ የማነጣጠሪያ መስታወትና የመተኮሻ ቁልፍ ያስፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ መስቀያው ዕቃ ማንጠልጠያ ነው።

«ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚል ግን የካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንን ታሪክ ይስማ። ደሴ ላይ ሕዳር 1928 ቦምብ በዘነበበት ጦርነት ይህ ስዊድናዊ ለቀይ መስቀል ሊያበር አገራችን መጥቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የኛን አብራሪዎች ለዓመታት አሰልጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ ከነበረችው ቢያፍራ ጎን ተሰለፈ። 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላቸውን ኤምኤፍአይ-9 የተባሉ አምስት ትንንሽ አውሮፕላኖች በእያንዳንዱ ክንፍ ስር ስድስት ስድስት ሮኬት አሰቅሎ የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች መታ። ወላሂ፣ ባለሙያ ሆኜ እንኳ ይገርመኛል። ግን ልብ በሉ፤ ያ አካባቢ ቆላ ነው። ያንኑ ጭነት ይዞ ከኛ ኤርፖርት ይነሳ ቢባል አብራሪው አላህንም ማርያምንም ይጠራ ነበር።

ፎቶው ሆዱን ካላሳየ ከስሙ በኋላ ያለውን ፊደል ጠይቁ። ኤል-39 የተባለውን ጄት ማሰልጠኛ ውሰዱ፤ ኤል-39ሲ ክንፉ ስር ሁለት መስቀያ አለው። ኤል-39ዜድኤ ግን አራት መስቀያ አለው፤ ከሆዱ ስር ደግሞ ባለ 23 ሚሊሜትር መንታ አፈሙዝ መድፍ። ቲ-6ኤ የተባለው የአሜሪካ ማሰልጠኛ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው፤ ኤቲ-6 የሚባለው ወንድሙ ይታጠቃል። የብራዚሉ ሱፐር ቱካኖ ሲሆን ፊደልም አያስፈልጋችሁም፤ መትረየሶቹ ክንፎቹ ውስጥ ናቸው፣ አፈሙዛቸውን ከፊት ለፊት ፈልጉ።