የመርሳት ሕመም ያለባትን እናት በቤት ውስጥ ማጠብ

የመርሳት ሕመም፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ ያለባት እናት «ዛሬ ታጥቤያለሁ» ብላ ገላዋን አልታጠብም ስትል ለልጆቿ እልኸኝነት ይመስላቸዋል። እኔም ባሕር ዳር እናቴን ማስታመም ስጀምር እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ሕመሙ ግን ትዝታን ብቻ ሳይሆን የዓይንን ግምትና የሰውነትን ስሜት ጭምር ስለሚያዛባ፣ በሳፋ ያለው ውሃ ጥልቅ ሊመስላት፣ ከላይ የሚወርደው የሻወር ውሃ ሊያስደነግጣት፣ ልብሷን የምታወልቅላት ልጇም ባዕድ ልትሆንባት ትችላለች። እምቢታው ከፍርሃትና ከሀፍረት የሚመጣ ስለሆነ ክርክር ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

በእኛ ቤት መንገዱን የከፈተው እግር ማጠብ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ ነገር ከቅርቡ ትዝታ ዘግይቶ ስለሚጠፋ፣ «ገላሽን ታጠቢ» ስትባል የምትቆጣው እናቴ «እግርሽን ልጠብሽ» ስላት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትመርቀኛለች። በማስታጠቢያው እጇን ካስታጠብሁ በኋላ ከእግሯ ጀምሬ ወደ ጉልበቷ፣ ወደ ክንዷና ወደ ጀርባዋ በለስላሳ ጨርቅ እሄዳለሁ። የቀረው ሰውነቷ በፎጣ ወይም በአሮጌ ጋቢ እንደተሸፈነ፣ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ተገልጦ ወዲያው ደርቆ ይሸፈናል። «አሁን ክንድሽን» እያሉ የሚቀጥለውን በአጭር ቃል መንገር፣ ጨርቁንም ለእርሷ አስይዞ የምትችለውን ራሷ እንድታጥብ መተው ይጠቅማል። ብልት በሌላ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ መጨረሻ ላይ ይጠረጋል። ፊቷ ላይ ውሃ መውረዱ ስለሚያስፈራት ፀጉሯን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል፤ ሹሩባና ቅቤ ካለበትማ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሳሙናው፣ ፎጣውና በአለባበስ ቅደም ተከተል የተደረደረው ልብስ አስቀድሞ አጠገብ ካልተዘጋጀ አስታማሚው መሀል ላይ ትቷት መነሣቱ አይቀርም፤ እርጥብ ወለል ላይ ብቻዋን መተው ደግሞ ለውድቀት ያጋልጣታል። ዱካ መደገፊያ ስለሌለው እጀታ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ ማስቀመጥ፣ ከእግሯም ሥር የማያንሸራትት ጎማ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛው ውሃ ቀድሞ ይገባል፣ ፍሉ ይከተላል፤ ሙቀቱ ከሰውነት ሙቀት ጋር የሚቀራረብ፣ 37 ዲግሪ ገደማ ሆኖ በክርን ይፈተናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ለዚሁ ብቻ ይቀመጥ፤ ሳሙና ተቀብታ ውሃ ያለቀባት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ እሺ አትልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ዘግቶ ማጠብ ተመራጭ ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ልብሷን እንድታወልቅ ሲል «ጠበል ነው» ይላል። አንድ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ያልተናወጠ እምነቷን ለሳሙና ማባበያ ማድረግ ነውና።

መላ ገላን በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ማጠብ ይበቃል፤ ፊት፣ እጅ፣ ብብትና ብልት ግን በየቀኑ ይጸዳሉ። በጡት ሥርና በጣቶች መካከል እርጥበት እንዳይቀር ሲያደርቁ ተረከዟንና የታፋዋን አጥንት ማየት ተገቢ ነው፤ ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት የመኝታ ቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ለጥርሷ መፋቂያ ከለመደች መፋቂያውን ሰጥቶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አብሮ መፋቅ ከትእዛዝ ይልቅ ይሠራል። በየ2 ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ መውሰድ የልብስ መርጠብን ይቀንሳል። በድንገት መቀባዠር ከጀመረች ወይም ሽንት ሲወርድ ካቃጠላት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ለሐኪም መታየት አለባት።

መሀል ላይ ከተቆጣች ሸፍኖና አድርቆ ማቆም ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ማስታጠቢያውን ይዤ ስመለስ፣ እናቴ አብዛኛውን ጊዜ እጇን ራሷ ትዘረጋለች።