ፊልተሩን ከመንካታችሁ በፊት፦ የከለር ህትመት ችግርና መፍትሄ

ጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊልም የምናትመው የከለር ፎቶ ሲበላሽ እጃችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኢንላርጀሩ (የፊልሙን ምስል አሳድጎ ወረቀቱ ላይ የሚያበራው መሣሪያ) የቀለም ፊልተር ነው። እኔም ስንት ወረቀት የፈጀሁት እንደዚያ ነው። ይልቅ ሁለት ቁራጭ የፎቶ ወረቀት በኬሚካሎቹ እጠቡ። አንዱ ብርሃን ጭራሽ ያላየ፣ ሌላው መብራት አብርታችሁ ያሳያችሁት (የቀረው ወረቀት ካርቶን መዘጋቱን አይታችሁ!)። የመጀመሪያው ነጭ፣ ሁለተኛው ድፍን ጥቁር ከሆነ ወረቀቱም ኬሚካሉም ደህና ናቸው።

ነጩ ነጭ ካልሆነ፦ ሦስተኛ ቁራጭ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሳታስነኩ ብሊክስ (ቀጥሎ የሚመጣው፣ ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ውስጥ ብቻ ክተቱና በውሃ አለቅልቁ። አሁንም ካልነጣ ብሊክሱን ወይም ወረቀቱን ጠርጥሩ። ከነጣ ግን ወይ ወረቀቱ አርጅቷል፣ ወይ ብርሃን ገብቶበታል፣ ወይ ዴቨሎፐሩ ተበክሏል። ጥቁርና ነጭ ያተመ ሰው ቀይ መብራት ማብራት ለምዷል። ከለር ወረቀት ግን ቀይንም ያያል። ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል። የስልክ ስክሪን፣ የኤክስቴንሽን ማከፋፈያው ትንሽ መብራት ሳይቀር ይሸፈን። ላረጀ ወረቀት መድኃኒት የለውም፤ አዲሱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ።

ጥቁሩ ጥቁር ካልሆነ፦ ዴቨሎፐሩ ደክሟል፣ ቀዝቅዟል ወይም ጊዜው አንሷል። የተለመደው የአርኤ-4 (የከለር ወረቀት ማጠቢያ ዘዴ) የዴቨሎፐር አሠራር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 45 ሴኮንድ ነው። ትሪ ላይ ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ትሪውን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጡና ቴርሞሜትሩን ደጋግማችሁ እዩ። ጥቁሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ይሄው ነው ምክንያቱ። ወረቀቱ ላይ ካሉት ንጣፎች ቢጫውን የሚሰጠው ከሁሉም በታች ስለሆነ ዴቨሎፐሩ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ ቢጫው ሲጎድል ሰማያዊው ይጎላል። ሙቀቱም ጊዜውም ትክክል ሆኖ ካልተስተካከለ ዴቨሎፐሩን ድፉት። ትንሽ ብሊክስ ጠብ ቢልበት እንኳ ይበላሻል፤ እያንዳንዱ ትሪ የራሱ መቆንጠጫ ይኑረው።

ሮዝ መሳይ ሰንበር ከወጣ፦ ዴቨሎፐር ወደ ብሊክስ ተሸክማችሁ ገብታችኋል። ወረቀቱን 10 ሴኮንድ ያህል አንጠልጥሉት፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል ስቶፕ (የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆም ፈሳሽ) አስገቡ። ቀለል ያለ፣ 1 ወይም 2 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይበቃል።

ሁለቱም ቁራጮች ደህና ሆነው ፎቶው ቀለም ካዘነበለ፣ አሁን ወደ ፊልተር። ከኔጋቲቭ (ቀለሙ ከተገለበጠ ፊልም) ስለምናትም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ የበዛውን ቀለም ፊልተር ጨምሩ። ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ) በዛ? ማጀንታ ጨምሩ። አረንጓዴ በዛ? ማጀንታ ቀንሱ። ቢጫ ሲበዛ ቢጫ ይጨመራል፣ ሰማያዊ ሲበዛ ቢጫ ይቀነሳል። ቀይ ሲሆን ሁለቱንም ጨምሩ፤ ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ) ሲሆን ሁለቱንም ቀንሱ። የሳያኑን ፊልተር ዜሮ ላይ ተዉት። እርጥብ ህትመት ቀለሙ ይዋሻል፤ በፀጉር ማድረቂያ አድርቃችሁ መስኮት አጠገብ እዩት።

ጥላው አረንጓዴ፣ ፊቱ ሮዝ ከሆነ ግን ፊልተር አያድነውም። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ያነሰው ወይም ያረጀ ፊልም ነው። በደንብ የተነሳ ሌላ ኔጋቲቭ እዚያው ወረቀት ላይ አትሙ። እሱ ካማረ ወረቀቱን አትውቀሱት።