ከ«አልነካሁትም» እስከ ሱፐር ግሉ፦ ውድ የሱፐርሂሮ ፊገር ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

30 ሴንቲ ሜትር የሚቆም የሱፐርሂሮ ፊገር፣ ማለትም መገጣጠሚያው የሚንቀሳቀስ የጀግና ምስል፣ ሲታይ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ጨርቅ፣ ሰው ሠራሽ ሌዘር፣ ቀለምና ማግኔት፣ አንዳንዴም ብረትና መብራት ተሰባስበው የሠሩት ነው። ሁሉም የሚበላሹበት መንገድ ለየቅል ነው። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። እንደ ሆት ቶይስ ያሉ አምራቾች የሚሠሯቸውን ውድ ፊገሮች የሚሰበስቡ ልጆች ከደሴም ከኮምቦልቻም የተሰበረ እጅ፣ የላላ ቁርጭምጭሚት፣ መብራቱ የጠፋ ደረት ይዘው ይመጡልኛል። አብዛኛው ጉዳት አንድ ሰው ቀድሞ አንድ ቃል ቢነግራቸው የማይደርስ ነበር።

ጠቅልሎ መደበቅ

በዚህኛው እጮኻለሁ፤ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ወንድም ጥቁር ሌዘር ጃኬት የለበሰ ፊገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ወላሂ አንድም ቀን አልነካሁትም» አለኝ። አመንኩት። እንደገዛው በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በስኮች አሽጎ፣ ወደ ካርቶኑ መልሶ፣ ካርቶኑን ቁም ሳጥን አናት ላይ ከቆርቆሮው ሥር አስቀምጦት ኖሯል። አንገትጌውን በጣቴ ጫፍ ስነካው ጥቁሩ ሽፋን ተቀርፎ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ነጣ ያለ ጨርቅ ብቅ አለ። ብብቱና ክርኑማ አልቆለታል። ፊቱ፣ ቀለሙ፣ ጫማው ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ነበር የሚመስለው።

የእነዚህ ፊገሮች «ሌዘር» በአብዛኛው ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፖሊዩሬቴን ነው። ፖሊዩሬቴን ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ውስጥ ውስጡን ይፈራርሳል፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ካርቶኑን ብትከፍቱትም ባትከፍቱትም ከመፍረስ አይመለስም። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መላጥ ይጀምራል። አንዴ ከላጠ ወዲያ መድኃኒት የለውም። ቫዝሊን የቀባ አይቻለሁ፣ የጫማ ቀለም የቀባም አይቻለሁ፤ ሁለቱም አላዳኑትም። ያለው አማራጭ ልብሱን አውልቆ ሌላ ማሰፋት ብቻ ነው።

ፌስታሉ ደግሞ የራሱን ጥፋት ይጨምራል። ለስላሳው ፕላስቲክ፣ ማለትም ፒቪሲ፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት መሰል ነገር አለ፤ ይህ ነገር ከጊዜ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። አየር የሚያገኝ ከሆነ ጥቂት በጥቂት ይጠፋል፤ ከታሸገ ግን መውጫ አጥቶ እዚያው ፊገሩ ላይ ይተኛል። ፊታቸው ሲነኩት የሚጣበቅ ፊገሮች የሚመጡልኝ ከታሸገ ፌስታል ነው። የተጣበቀው የፊገሩ አካል ልብስና መብራት የሌለበት ከሆነ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይለቃል።

«ለኢንቨስትመንት ነው የማልከፍተው» የሚሉኝ አሉ። ካርቶኑ አዲስ ሆኖ ውስጡ የተላጠ ዕቃ ማን ይገዛችኋል? ለዓመታት አቆየዋለሁ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ከመጀመሪያው ሌዘር የሌለበትን ምረጡ። ጨርቅ የለበሰ፣ ወይም እንደ አይረን ማን ጥሩሩ በፕላስቲክና በብረት የተሠራ ይሻላችኋል።

የምትኖሩበትንም ከተማ እወቁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእሷ ጣጣ እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የቤቱ ግድግዳ ራሱ ያልበዋል። እዚህ ያላችሁ መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የምትመጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት፣ ሲሊካ ጄል የሚሏትን፣ አጠገቡ አስቀምጡ። እሷም ጠጥታ ስትጠግብ መሥራት ስለምታቆም በየጊዜው ቀይሯት። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ይሆናል። የኮምቦልቻ ሰው ከቆርቆሮ ሥር፣ ከቁም ሳጥን አናት ይሽሽ፤ ዝቅ ያለ መደርደሪያና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማይመታው ክፍል ይምረጥ። በሁለቱም ከተማ ሌዘር የለበሰውን አውጥታችሁ አየር አስነኩት፤ እጁን ከጎኑ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሌዘር ከሌዘር ጋር ተጣብቆ እንዳይቆይ።

መስኮት ላይ ማቆም

የደሴ ፀሐይ ብርዱ ስላለ ቀለል ያለች ትመስላለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን አልትራቫዮሌት ጨረር ይጨምራል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ነው። የመስኮት መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር አብዛኛውን ቢያስቀርም ቀለም የሚያደበዝዘውንና ነጭ ፕላስቲክ ቢጫ የሚያደርገውን ያሳልፋል። መስኮት ላይ የቆየ ፊገር ካላችሁ አዙሩትና የካባውን ፊትና ጀርባ አስተያዩ፤ ቀይ ካባ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ቡፌና ዕጣን

ሳሎን ያለ ባለመስታወት ቡፌ ለፊገር ጥሩ ቤት ነው፤ አቧራ ይከለክላል። ችግሩ የሚመጣው ቡና ቡፌው ሥር ሲፈላ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጭሱ ያረፈበት ላይ ቀጭን ሽፋን ይተዋል፤ ያ ሽፋን አቧራ ይይዛል፤ በዓመቱ ነጩ ልብስ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ፊቱም ይደበዝዛል። ደረቅ ጨርቅ አያስለቅቀውም፤ ሲፈትጉት ደግሞ የቅንድቡ ቀለም አብሮ ይነሳል። «እማማ፣ ዕጣኑን ይተዉት» አይባልም፤ ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ቡናውም ወግ ነው። ፊገሩን ወደ መኝታ ክፍል ውሰዱት። ሌላ ቦታ ከሌለ የቡፌውን በር ጠርዝ ለመስኮት በሚሸጠው ባለማጣበቂያ ስፖንጅ ዙሪያውን ድፈኑ፤ ጭስ ሲኖር ይዘጋ፣ ክፍሉ ሲነፍስ ይከፈት፤ ሁልጊዜ ከተዘጋ ቅድም ያልኩት የፌስታል ጣጣ ይመጣል። ለአቧራ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ይበቃል።

ባትሪ

የደረትና የዓይን መብራት ያላቸውን አሳይታችሁ ስትጨርሱ ክቧን ባትሪ አውጡ። ውስጥ ከቆየች ታፈሳለች፣ መገናኛውን ትበላለች፤ ሰው ሰብስበው ሊያሳዩ ሲሉ የማይበሩ ብዙ ደረቶች ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ለወራት አንድ ቅርጽ ላይ መተው

ስፓይደር ማን ቁጢጥ ሲል ያምራል። ፎቶ አንሱትና መልሳችሁ አቁሙት። ልብሱ ጉልበቱ ላይ ተወጥሮ ከከረመ ይለጠጣል፤ የጎማ ልብስ ያላቸው ደግሞ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃሉ።

በጉልበት መንቀል፣ በሙቅ አየር ማላላት

እጅ ለመቀየር ሲነቅሉ የእጅ አንጓዋን ፒን፣ ማለትም እጁን ከክንዱ የምታያይዘውን ቀጭን ዘንግ፣ መስበር ከሁሉ የተለመደ ነው። በደሴ ብርድ፣ በተለይ ጠዋት፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ሲያጠማዝዙት ቀጭ ይላል። የፀጉር ማድረቂያ ፎን ግማሽ ደቂቃ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ንፉበት፤ ሲሞቅ ሳታጠማዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አዲሱንም እጅ እንዲሁ አሙቃችሁ አስገቡ።

እባካችሁ የሞባይል ጠጋኝ ሙቅ አየር አታስነኩት። ይህን የምለው መሣሪያው በየቀኑ እጄ ላይ ስላለ ነው። እኛ ቺፕ ለመንቀል 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ እናደርገዋለን፤ ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ጠንካራው ፕላስቲክ ኤቢኤስም 100 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ቅርጹን ይለቃል። አንድ ልጅ ሰፈሩ ያለ ጠጋኝ ጋ ወስዶት ነበር፤ ሲያመጣልኝ የፊገሩ አራት ጣቶች አንድ ላይ ቀልጠው ተጣብቀዋል።

ሱፐር ግሉ

ፒን ሲሰበር መጀመሪያ ካርቶኑን ፈትሹ። ብዙዎቹ ውድ ፊገሮች ከመለዋወጫ እጆቹ ጋር ትርፍ ፒን አላቸው፤ ሳያዩት ከነካርቶኑ የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። ፒን ከሌለ ወደ ሱፐር ግሉ አትሩጡ። ጠብታዋ ወደ መጋጠሚያው ዘልቃ ትገባና የሚዞረውን ታደርቀዋለች፤ ትነቷ ደግሞ አጠገቧ ያለውን ጥቁርና የሚያሳይ ፕላስቲክ ነጭ ጉም ታለብሰዋለች። የተሰበረውን ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ የወረቀት መያዣ ሽቦ ቆርጦ ማስገባት፣ ከዚያም ከሁለት ቱቦ በሚቀላቀለው ማጣበቂያ፣ በኢፖክሲ፣ ማሰር ይሻላል። መሰርሰሪያ ከሌላችሁ ያለው ሰው ጋ ውሰዱት።

አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ፊገር አጠገብ አይድረስ። ቀለሙን ይወስዳል፣ ኤቢኤሱን ያሟሟል።

ስትገዙ

መጠኑን አንብቡ። 1/6 ከተባለ የሰው ቁመት አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 1/12 ከተባለ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቴሌግራም ፎቶ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ከፋብሪካው ማስታወቂያ የተወሰደ ፎቶ ብቻ ከሚልክ ሻጭ አትግዙ። የእናንተን ስምና የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ከፊገሩ ጋር አንስቶ ይላክ። የዓይኑን ቀለም፣ የካርቶኑን ጽሑፍ ጥራት አጉልታችሁ እዩ፤ ኮፒ የሆነው እዚያ ይለያል። ያገለገለ ሌዘር ለባሽ ከሆነ የአንገትጌና የብብት ፎቶ ጠይቁ፤ ሻጩ «ምንም የለውም» ብሎ ፎቶውን ካልላከ ተዉት።

ሒሳቡን በብር ሥሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 300 ዶላር በ57 ብር ሒሳብ 17,100 ብር ነበር፤ ዶላር 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ከ30,000 በላይ ሆኗል። በፖስታ ወይም በካርጎ ካስመጣችሁት ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመራል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። ይህን ሳያሰሉ አዝዘው ማስለቀቂያ ያጡ ልጆች አውቃለሁ፤ ያሳዝኑኛል።

ብዙዎቻችን ዘንድ ግን ዕቃው የሚመጣው በዘመድ ነው፤ ከዱባይ ወይም ከጅዳ በምትመለስ እህት። እሷም ሻንጣዋ ሲጠብባት ካርቶኑን ጥላ ፊገሩን ልብስ መሀል ትጠቀልለዋለች። ደሴ ሲደርስ ሁለት እጅ የለም፣ መቆሚያው የለም፣ አንዱ ጆሮ ተጨፍልቋል። ለእሷ አሻንጉሊት ነው፤ ያልነገራችኋትን ከየት ታውቃለች? ከመሳፈሯ በፊት ደውሉላት። ካርቶኑ አይገባም ካለች የውጩን ካርቶን አጣጥፋ ሻንጣው ግርጌ ታድርገው። መለዋወጫዎቹ የተቀመጡባትን የፕላስቲክ ትሪ ግን ከነክዳኗ በስኮች አስራ፣ ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ፤ ስትረከቡ ከፎቶው ጋር ታስተያያላችሁ። የትርፍ ኪሎውን ሒሳብም ቀድማችሁ ላኩላት።