ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ
ሱቅ ውስጥ ልክ የመሰለ ቲቪ ሳሎን ሲገባ ወይ ይገዝፋል ወይ ያንሳል። ከመቀመጫችሁ እስከ ቲቪው ቦታ ያለውን ርቀት በሴንቲሜትር ለኩና ለ4 አካፍሉት። የሚመጣው ተስማሚው ኢንች ነው። 220 ሴንቲሜትር ከሆነ 55 ኢንች። በዚህ ስሌት ስክሪኑ ከእይታችሁ 30 ዲግሪ ያህል ይይዛል፤ አንገት ሳታዞሩ ሁሉንም ታያላችሁ።

ፎርኬ (4K) ቲቪስ? ፎርኬ ማለት ስክሪኑ ከተለመደው ፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥቦች አሉት ማለት ነው። በስሌቱ ለኢንቹ ከሚመጥነው ርቀት ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ከፉል ኤችዲ ያለው ልዩነት ብዙም አይታይም፤ ዓይን ነጥቦቹን አይለይም። ለእሱ ብቻ ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ያዋጣል።

በዲሽ በብዛት ኤችዲ ያልሆኑ ቻናሎች የምታዩ ከሆነ ርቀቱን በ4 ፈንታ ለ6 አካፍሉት። ትልቅ ስክሪን ብዥታውን ያጎላዋል።

ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ባለ 55ቱ ወደ ጎን 122 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን ቡፌውንም ለኩት።