ስክሪኑ አልከፈት ሲል፦ የሊኑክስ ሎክ ስክሪን ችግርና መፍትሄ

ዓርብ ዕለት ደሴ ፒያሳ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ ደወለ። ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቆልፏል። ፓስወርዱን ቢያስገባ፣ ቢያስገባ፣ እምቢ። «ኧረ በአላህ፣ ይሄ ሊኑክስህ ሱቄን ዘጋብኝ!» አለኝ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት ነው፤ ከዓይነቶቹ አንዱን፣ ኡቡንቱን፣ የጫንኩለት እኔ ነኝ፤ ማምለጫ የለኝም።

«ፓስወርዴ ትክክል ነው፣ አልቀበልም ይላል»

እኛ ጋ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ይመስለኛል። ጓደኛዬ የሰው ማመልከቻ በአማርኛ ሲጽፍ ቆይቶ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ነው የተነሳው። ስክሪኑ ሲቆለፍ አማርኛው እዚያው ቀረ። የፓስወርዱ ሳጥን ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ምን እየጻፈ እንደሆነ አያውቅም።

ሳጥኑ ጫፍ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ንኩ። የግዕዝ ፊደል ከወጣ ምክንያቱ ተገኘ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ተጫኑ፤ ኪቦርዱ ይቀየራል። ካፕስ ሎክንም በዚያው እዩት።

ደጋግማችሁ ግን አትሞክሩ። አርች በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ 3 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ትክክለኛውንም አይቀበልም። ያኔ አቦሉን ጠጥቶ መመለስ ነው።

«ጨልሞ ቀረ፣ ማውሱ ብቻ ይታያል»

ሊኑክስ ላይ መስኮቱንና ሜኑውን የሚያሳየው ዴስክቶፕ ብዙ ዓይነት ነው። ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ላይ፣ ላይት ሎከር የሚባለው ቆላፊ ይህን ያደርጋል። ቆልፎ ወደ ሌላ ገጽ ይሻገርና መመለስ ያቅተዋል። በጉልበት አታጥፉት፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 7ን አንድ ላይ ተጫኑ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይመለሳል። ሲረጋጋ ላይት ሎከርን አውጥታችሁ የኤክስኤፍሲኢን የራሱን ስክሪን ሴቨር ጫኑ።

ዴስክቶፓችሁ ጂኖም (የኡቡንቱ የተለመደው) ወይም ኬዲኢ ከሆነ በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ግቡና «ሱዶ ሎግኢንሲቲኤል አንሎክ-ሴሽንስ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ፤ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፦ sudo loginctl unlock-sessions። ኡቡንቱ ላይ መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 2 ነው።

«ይጨልማል እንጂ አይቆለፍም»

መጨለምና መቆለፍ ለየቅል ናቸው። ጂኖም የመቆለፊያውን ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ስክሪኑ ከጨለመ በኋላ ነው። ስለዚህ ማጨለሚያው «በጭራሽ» ላይ ከሆነ በራሱ አይቆለፍም። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ስክሪን ሎክ ግቡና ሁለቱንም አስተካክሉ።

የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል ስትጫኑም ካልቆለፈ ነገሩ ሌላ ነው። የጂኖም መቆለፊያ ጂዲኤም የሚባለውን የመግቢያ ፕሮግራም ይፈልጋል። በምትኩ ላይትዲኤም የሚባለው ሌላ የመግቢያ ፕሮግራም ተጭኖ ከሆነ አይሠራም። ጂዲኤምን መልሱ።

ጨርሶ የማይጨልም ከሆነስ? ብሮውዘሩ ላይ የተረሳ ቪዲዮ እየሄደ እንዳይሆን።

«የድሮው የሚጨፍረው ስክሪን ሴቨር የት ገባ?»

ጂኖም በፈረንጆቹ 2011 3ኛውን ትውልድ ሲያወጣ ጣለው፤ አሁን ባዶ ጥቁር ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ ያለው የፕሮግራመሩ የጄሚ ዛዊንስኪ ስክሪን ሴቨር፣ ኤክስስክሪንሴቨር፣ ዛሬም አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከጂኖሙ መቆለፊያ ጋር ደርባችሁ ካሠራችሁት ሁለት ጊዜ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። አንዱን አጥፉ። የተሠራውም ስክሪኑ ላይ ምስል ለሚያወጣው ለድሮው ሥርዓት ለኤክስ 11 ስለሆነ፣ በአዲሱ በዌይላንድ ላይ ለቁልፍ አትመኩበት።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ኪቦርዱን ቀይሮ ገባ፣ ተሳሳቅን። ሲነጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ያለ ፓስወርድ ቀጥ ብሎ ዴስክቶፑ ላይ ተገኘ። ስጭን አውቶማቲክ ሎግኢንን ክፍት ትቼዋለሁ ለካ። ለአንድ ዓመት ያህል መቆለፊያውን ማለፍ የፈለገ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ መሰካት ብቻ ይበቃው ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ዩዘርስ ገብቼ ዘጋሁት።