ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ መኪና ሐዋሳ ላይ እንዴት ይገዛል?

ሐዋሳ ለእንዲህ ያለ መኪና ትመቻለች። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰፋ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ጣሪያውን ከፍቶ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞ መንዳት፣ ሲያሰኝም እስከ ወንዶ ገነት ወይም እስከ ይርጋለም ብቅ ብሎ መመለስ ትልቅ ደስታ ነው። መኪናው አዲስ መሆን የለበትም። እንዲያውም አሮጌው የራሱ ግርማ አለው።

ችግሩ ብዙ ሰው በዓይኑ መግዛቱ ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ አለቀ፣ ብር ይቆጠራል። የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ብረቱን፣ ቀጥሎ ሸራውን፣ ሞተሩን በመጨረሻ እዩ። ሞተር የሚፈታና የሚገጥም መካኒክ ሐዋሳ ውስጥ አይጠፋም። ከስር የተበላ ቦዲና የተጣመመ የጣሪያ አጥንት ግን ስንት ገንዘብ ቢፈስበት እንደነበረ አይሆንም።

የትኛው መኪና ይሻላል?

ፍለጋው አገር ውስጥ ባለው ላይ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶት ነበር። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ያለው ያው ነው፣ አይጨምርም። ጥሩ የተያዘ ካገኛችሁ ባለቤቱ ዋጋውን አጥብቆ ቢይዝ አትገረሙ።

ክፍት ቮልስ የሁሉም ሰው ምኞት ነው። ካርማን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ ሰርቶታል። እኛ ጋ እንደልብ አይገኝም። ሸራ ለባሽ አሮጌ ላንድሮቨርም አለ። ጠንካራ ነው፣ ግን መሪው ይከብዳል፣ ለዘና ማለት ብዙም አይሆንም። ሌላው ባለ ሁለት በሩ፣ ከኋላ ሸራ የለበሰው ሱዙኪ ቪታራ ነው። እ.ኤ.አ ከ1988 ጀምሮ የተሰራው የመጀመሪያው ቪታራ ቦዲው የተቀመጠው ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ ነው። ጣሪያው ቢነሳም ክብደቱን የሚሸከመው ሻንሲው ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው።

አንድ መኪና ግን አጥብቃችሁ ሽሹ። ፋብሪካው ዝግ አድርጎ የሰራውን ተራ ቮልስ ወይም ሌላ አውቶሞቢል ጋራዥ ውስጥ ጣሪያውን ቆርጠው «ኮንቨርቲብል ነው» ብለው የሚሸጡት አለ። የመኪና ጣሪያ ዝናብ መከላከያ ብቻ አይደለም፣ ፊትና ኋላውን አያይዞ የሚይዝ ነው። ክዳኑ የተነሳ የጫማ ካርቶን ሁለት ጫፉን ይዛችሁ ብትጠመዝዙት እንዴት እንደሚላላ አስቡት። ፋብሪካው ክፍት መኪና ሲሰራ ይህን ስለሚያውቅ ከበሮቹ ስር ተጨማሪ ብረት ይጨምራል። በመጋዝ የተቆረጠው ያ የለውም። ከዚያም አልፎ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር የማይገጥም ቦዲ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ጣጣ ያመጣል።

የት ይፈለጋል?

ደላላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጋራዥ ሂዱ። የቆየ መካኒክ የማን መኪና የት ግቢ ውስጥ ተሸፍኖ እንደቆመ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ነው፣ መኪናውንም እንደ ልጁ ነው የሚያየው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ዋጋ አታውሩ። «ጋሼ፣ ካርቡራቶሩን መጨረሻ ያጸዱት መቼ ነው? ሸራውንስ ማን ነው የሰፋልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሱ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፦ የመኪናውን ታሪክና የሰውየውን አያያዝ። መኪናውን በደንብ እንደምትይዙለት ካመነ ዋጋም ላይ ይለሳለሳል።

አዲስ አበባ ምርጫው ይበዛል። ግን 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ማምጣት አለባችሁና ከመነሳታችሁ በፊት ጎማውንና ፍሬኑን አስፈትሹ።

ብረቱን ፈትሹ

ሰዓት ስጡት። በጠዋት ሂዱ፣ በብርሃን። ስትደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ቀድሞ ተነስቶ የሞቀ ሞተር ብዙ ጥፋት ይደብቃል።

መጀመሪያ ከመኪናው ጎን ቆማችሁ በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናው ወገቡ ላይ ጎብጧል ማለት ነው። ቀጥሎ ክሪክ አምጡ። ከፊት ጎማው ኋላ ባለው መደገፊያ አስገቡና ጎማው ከመሬት እስኪለቅ አንሱት። አሁን በሩን ክፈቱና ዝጉት። እንደ ወትሮው ከተዘጋ ጥሩ። ከያዘ፣ ከተንጠለጠለ ወይም መቆለፊያው አልገጥም ካለ ከበሩ ስር ያለው ረጅም ብረት ደክሟል። በዚህ ሰዓት የሻጩ ወሬ ሁሉ ዋጋ የለውም፣ በሩ ነግሯችኋል። በሌላው ወገንም ድገሙት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር ግን ማንም እንዳይገባ።

ከዚያ ጎንበስ በሉ። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ ስርና በጎማዎቹ ዙሪያ አስኪዱት። የማይይዝበት ቦታ ላሜራው በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባ ነው። አንድ ትንሽ ጭረት የሞላ ስቱኮ ችግር የለውም። ክንድ የሚያህል ስቱኮ ግን ዝገት ሸፍኗል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ከስር ጫን ጫን በሉ። ጤነኛ ብረት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ይሰረጉዳል፣ ፍርፋሪም ይወርዳል። ቪታራ ከሆነ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እዩት፣ በተለይ የተበየደበትን ቦታ።

ቮልስ ከሆነ የኋላ ወንበሩን አንሱት። ባትሪው እዚያ ስር ነው። ለዓመታት የፈሰሰ የባትሪ አሲድ ወለሉን ስለሚበላው ባትሪውን ራሱን አስነስታችሁ ከስሩ ያለውን ላሜራ እዩ። ወንበሩ በተነሳበት መሃል ላይ ከፍ ብሎ በሚሄደው ብረት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥርም አንብቡት፣ ከሊብሬውም ጋር አስተያዩት። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ዙሪያው ተበይዶ ካያችሁ ድርድሩ እዚያው ያብቃ።

ሸራው

ጣሪያውን ራሳችሁ ክፈቱና ዝጉት፣ ደጋግማችሁ። ሻጩ «ቆይ እኔ፣ ዘዴ አለው» ካለ ዘዴው ምን እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የተጣመመ አጥንት ነው። ዘግታችሁ ውስጥ ተቀመጡና ወደ ፀሐይ አንጋጡ። መርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን እንኳ ዝናብ ያስገባል። የኋላው ላስቲክ መስኮት ቢጫ ሆኖ ከደረቀ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃልና ወጪ ውስጥ አስቡት።

የቪታራ ሸራ ቀላል ነው፣ በዚፕና በቁልፍ ይያያዛል። የባጃጅ ሸራ የሚሰፋ ጎበዝ ልጅ፣ አሮጌውን እንደ ናሙና ከሰጣችሁት፣ አሳምሮ ሊሰራው ይችላል። የክፍት ቮልስ ጣሪያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከውስጥ የእንጨትና የብረት አጥንት አለው፣ መሃሉ ወፈር ያለ ሙሌት፣ ላዩ የተወጠረ ሸራ። ይህን አሳምሮ የሚወጥር ሰው በቀላሉ አይገኝምና ሸራው ያረጀ ክፍት ቮልስ ስትገዙ ዋጋው ላይ ጠበቅ በሉ።

ከዚያ ውሃ። ሁለት ባልዲ ውሃ ከላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ሐዋሳ ዝናብ የማያጣት ከተማ ስለሆነች ይሉኝታ አይያዛችሁ። ጥቂት ቆይታችሁ የወለሉን ምንጣፍ ገልጡና ከስሩ በእጃችሁ ዳስሱ። ሽታውም ይናገራል፣ የሻጋታ ሽታ ካለ ውሃ ሲገባበት ኖሯል። በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው በሩ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ይበላል። በቀጭን ሽቦ ይከፈታሉ።

ሞተርና ሙከራ

እዚህ ላይ የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ ግን ሁለት ሦስት ነገር እዩ። ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነና ካልጠፋ ዘይት ይበላል። ቮልስ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። «ቋ» የሚል ድምፅና የሚታወቅ መላወስ ካለ ሞተሩ ሊፈታ ነው። ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ቪታራ ላይ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ እንደገዛችሁ ቀይሩት።

ጎማው ጥርሱ ስላለ አትታለሉ። የቅዳሜና እሁድ መኪና ጎማው ሳይበላ ያረጃል። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፦ 2315 ካለ የተሰራው እ.ኤ.አ በ2015፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ ደህና ቢመስልም ቀይሩት።

ስትነዱት መጀመሪያ ኮብልስቶን ላይ አስገቡት፣ ጣሪያውን ከፍታችሁ። ክፍት መኪና ትንሽ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው። መሪውና የፊት መስታወቱ ለየብቻ የሚወዛወዙ ከመሰላችሁ ግን ወደ ብረቱ ተመለሱ። ከዚያ የሻሸመኔን መንገድ ያዙና ጣሪያውን ዘግታችሁ ትንሽ ፍጠኑ። አይሱዙ ሲያልፋችሁ ሸራው ቢያብጥና ቢርገበገብ የት ጋ እንደላላ ታያላችሁ።

ወረቀቱ

አሮጌ መኪና ላይ ትልቁ አደጋ ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለው ነው። ብዙዎቹ ከሰው ወደ ሰው በውክልና ብቻ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቋረጣል። ባለ ሊብሬው በሕይወት መኖሩን ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ። ከሞተ ወራሾቹ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው መፈረም አለባቸው። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩም ትፈርም ወይም ይፈርም።

ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት፣ ቀረጡም የተከፈለበት መሆኑን ጠይቁ። ታርጋው አአ ከሆነ ፋይሉ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ጊዜ ያዙለት። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ያላለፈበት መሆኑንም እዩ። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም፣ ስም የማዛወሩንም ነገር ለነገ አትበሉት።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ፍተሻው ሳያልቅ ቀብድ የለም። የደላላውን ኮሚሽንም ከድርድሩ በፊት ቁረጡ።

ከገዛችሁ በኋላ

ሸራው እርጥብ ሆኖ አይታጠፍ። ዝናብ ከመታው ዘግታችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ይሻግታል። በረኪና አይንካው፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ስትሄዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚያርፉባቸው ዛፎች ስር አታቁሙት። ኩሳቸው ቀለሙንም ሸራውንም ስለሚያበላሽ ከወደቀበት ሳይደርቅ በውሃ አጥቡት። ሸራ በምላጭ ይቀደዳልና መኪናው ውስጥ ዕቃ ትታችሁ አትሂዱ። ማደሪያው ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ስር ይሁን፣ ፀሐዩ ሸራውን ከዝናቡ በላይ ይጎዳዋል።

ክረምት ሲገባ ከነጭራሹ አትርሱት። በሳምንት አንዴ አስነሱትና ሞተሩ እስኪሞቅ ንዱት። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ጎማውን በደንብ ንፉ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ በሮቹን ከፍታችሁ ውስጡን አናፍሱት።