የኤሊ ገንዳ ውሃ ጤናማ ሆኖ እንዲቆይ ምን ማድረግ አለባችሁ?

የውሃ ኤሊ የሚበላውም የሚጸዳዳውም በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ ነው። ቆሻሻው ደግሞ ከዓሣ በጣም ይበዛል። ዓሣ ሲያረቡ የኖሩ ሰዎች እንኳ ኤሊ ሲያስገቡ ውሃው በጥቂት ቀን ሲሸትባቸው ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ብዙዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ውሃውን በሙሉ ይደፉና ገንዳውንም ፊልተሩንም (የውሃ ማጣሪያውንም) በሳሙና ፈትገው እንደገና ይሞላሉ። ለሁለት ቀን ያምራል። ከዚያ ተመልሶ ይብስበታል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የኤሊው ኩስና ሽንት፣ የተረፈው ምግብም ጭምር ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ይሄንን ጉዳቱ በጣም ወዳነሰው ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ፊልተሩ ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። ስለዚህ ስፖንጁን በሳሙና ያጠበ ሰው የጽዳት ሠራተኞቹን በአንድ ቀን አባረረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አሞኒያ አይታይም። ውሃው ጥርት ብሎ በመርዝ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ኤሊ በሳንባው አየር ስለሚተነፍስ ደግሞ እንደ ዓሣ ቶሎ አይሞትም። ዝም ብሎ ይጎዳል። ችግሩ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

1. በቂ ውሃ ይኑር

አርቢዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር የቅርፊት ርዝመት 40 ሊትር ገደማ ውሃ። 10 ሴንቲሜትር ለሆነ ኤሊ 160 ሊትር ማለት ነው። 25 ሴንቲሜትር ሲደርስ 400 ሊትር ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ ነውም። ግን ቆሻሻ በትንሽ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይከማቻል፤ በትንሽ ገንዳ ጥሩ ውሃ ለማቆየት መሞከር ራስን ማድከም ነው።

2. ፊልተሩ ከገንዳው ይብለጥ

ፊልተሮች ላይ የሚጻፈው የሊትር መጠን ለዓሣ ታስቦ ነው። ለኤሊ ከውሃችሁ መጠን 2 ወይም 3 እጥፍ የሚችል ግዙ። 100 ሊትር ውሃ ካላችሁ ለ200 ወይም ለ300 ሊትር የተሠራ ይሁን። ከገንዳው ውጪ የሚቀመጠው፣ ባለ ትልቅ ጣሳው ዓይነት የተሻለ ነው፤ ብዙ ስፖንጅ ይይዛል።

3. ባክቴሪያው እስኪራባ ታገሡ

አዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ባክቴሪያ እስኪራባ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውሃው ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ቢያሳይ አትደንግጡ። አትድፉትም። ኤሊው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ በየጥቂት ቀኑ ከውሃው ጥቂቱን ቀይሩለት። ጤናማ ከሆነ የቆየ ገንዳ የተወሰደ፣ ያልታጠበ ስፖንጅ ፊልተሩ ውስጥ ብትጨምሩ ጊዜው በጣም ያጥራል።

4. በየሳምንቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ቀይሩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ናይትሬትን ባክቴሪያው አያስወግድላችሁም፤ የሚወጣው ውሃ ሲቀየር ነው።

መጀመሪያ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ። ውሃ የጎደለበት ማሞቂያ ይሰነጠቃል። ከዚያ በመምጠጫ ቱቦ ከታች የተኛውን ቆሻሻ ሳቡ። ቱቦውን በአፍ መሳብ ግን ጨርሶ አይሞከርም። ጤነኛ የሚመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ባልዲውም ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን። ውሃውን የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አትድፉ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዚህ ሥራ ባይሳተፉ ይሻላል።

አዲሱ ውሃ ክሎሪን እንዳይኖረው አድርጉ። ክሎሪን የኤሊውን ዓይን ከማቃጠሉም በላይ ባክቴሪያውን ይገድላል። ክፍት በሆነ ዕቃ 24 ሰዓት ያህል ብታስቀምጡት ይተናል። የቧንቧው ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚፈጥሩት ውህድ) ከሆነ ግን በማስቀመጥ አይወጣም፤ ለአኳሪየም የሚሸጠውን የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጠቀም ግድ ነው። ሙቀቱም ከገንዳው ውሃ ጋር የተቀራረበ ይሁን።

5. ስፖንጁን በገንዳው ውሃ እጠቡ

ከገንዳው በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ውሃው ጥቁር ይሆናል፤ ስፖንጁ ግን ነጭ እስኪሆን አትፈትጉት። ሁለት ስፖንጅ ካለ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሌላ ሳምንት። ፊልተሩ የሚያፈሰው ውሃ ሲደክም መታጠቢያው ደርሷል ማለት ነው።

6. ምግቡን ቀንሱ

ኤሊ ሰው ባየ ቁጥር የራበው ይመስላል። አትመኑት። በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ብቻ ስጡት፤ የተረፈውን ወዲያው አውጡ። እንዲያውም በሌላ ሳፋ ውስጥ መመገብ የምትችሉ ከሆነ ገንዳው በጣም ይቀላችኋል። ትንንሽ ጠጠር ከታች ማንጠፍም አይመከርም። ቆሻሻ በመሃሉ ይሸጎጣል፣ ኤሊውም ይውጠዋል። ባዶ ወለል አያምርም ይሆናል፤ ግን ለማጽዳት የሚያህለው የለም።

7. ለክታችሁ እወቁ

ጠብታ የሚጨመርበት የውሃ መመርመሪያ ኪት ይኑራችሁ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ይሁን። ኪቱ አሞኒያ ካሳየ የዚያኑ ቀን ግማሹን ውሃ ቀይሩ፤ ከዚያ ምግቡንና ፊልተሩን ተመልከቱ። ውሃው ከሞቀና ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲዱ ያነሰ ነው) ከፍ ካለ ያው መጠን አሞኒያ የበለጠ መርዛማ ይሆናል።

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ አልጌ ነው፤ ገንዳውን ቀጥታ ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት። የኤሊው ዓይን ካበጠ ወይም ቅርፊቱ ለስልሶ መጥፎ ሽታ ካመጣ ግን ውሃ በመቀየር ብቻ አይታለፍም፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ውሃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ኤሊው ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የሚደርቅበት ቦታ ከሌለው ቅርፊቱ መታመሙ አይቀርም።

መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ደግሞ ባለ ጣሳውን ፊልተር እንደመጣ ዝም ብላችሁ አታስነሱ። ተዘግቶ የቆየው ውሃ ኦክስጅን ስለሚያልቅበት ባክቴሪያው ሞቶ ይበሰብሳል፤ ሲነሳ ያ ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ከፍታችሁ የቆመውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን ለቅለቅ አድርጉ፣ ከዚያ አስነሱት። ለቀጣዩ ሳምንት በየሁለት ቀኑ አሞኒያ ለኩ።